ኦስካር ኖይማንና የሸኮ ደን እንቁራሪቶች

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚገኘው የሸኮ ደን ብዙ እርከን ያለው ደን ነው። ከላይ ቀረሮውና ዋንዛው ጥላውን ይጥላል፤ ከጥላው ሥር ቡናው ያድጋል፤ ከቡናው ሥር ኮረሪማው ይበቅላል፤ ከሁሉም በታች፣ ውሃ በሚቋጥረው ረግረግና በየጅረቱ ዳር፣ እንቁራሪቶች ይኖራሉ። ከእነዚህም መካከል ርዝመቷ ከሦስት ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ሌሊት ሌሊት ከቅጠል ወደ ቅጠል የምትንቀሳቀስ አንዲት ትንሽ እንቁራሪት አለች። በሳይንስ ቋንቋ አፍሪክሳሉስ ክላርኪ ትባላለች፤ ከአፍሪካ የሸንበቆ እንቁራሪቶች ቤተሰብ የምትመደብ ናት። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን በስተቀር በየትኛውም የዓለም ክፍል አትገኝም። ከአካባቢው ሕዝብ ጋራ ለዘመናት ስትኖር ቆይታ በሳይንስ መዝገብ ስም ተሰጥቷት የገባችው ግን በ1974 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ስም ከመሰጠቱ 73 ዓመታት አስቀድሞ፣ በ1901፣ ኦስካር ኖይማን የተባለ ጀርመናዊ የእንስሳት ተመራማሪ የከፋን፣ የጊሚራንና የሸኮን ደን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ አልፎ ነበር። በእንስሳት ጥናት ባለሙያዎች ዘንድ ስሙ ዛሬም ይነሣል፤ በወፍ፣ በአይጥና በእንቁራሪት ስያሜ ላይ ተጽፎ ይኖራልና። የዚህ ሰው ሕይወት ሊተረክ የሚገባው ስለ ዝናው ብቻ አይደለም። አንድ ተጓዥ ተመራማሪ ከአንድ አገር ምን ይዞ ሊወጣ እንደሚችል፣ ምን ደግሞ በቦታው ለሚቀመጡ ሰዎች እንደሚቀር የእርሱ ታሪክ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

ልደቱና የወጣትነቱ ጉዞ

ኦስካር ሩዶልፍ ኖይማን በመስከረም 3 ቀን 1867 በበርሊን ከተማ ከአይሁድ ወገን ተወለደ። ያደገበት ዘመን የአውሮፓ መንግሥታት አፍሪካን ለመቀራመት የተሽቀዳደሙበት ዘመን ነው። ከጦሩና ከንግዱ ጋራ ጎን ለጎን ሳይንሱም ይጓዝ ነበር። በ1889 በበርሊን አዲሱ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ሕንጻ ሲከፈት፣ ከአፍሪካ የሚመጡ የወፍ ቆዳዎች፣ የአራዊት ቅሎችና በአልኮል የተዘፈዘፉ ፍጥረታት መደርደሪያዎቹን መሙላት ጀመሩ። የቤተ መዘክሩ ሊቃውንት በየጠረጴዛቸው ተቀምጠው የመጣላቸውን ናሙና ይለዩና ይሰይሙ ነበር፤ ናሙናውን የሚያመጡላቸው ግን ጉልበትና ገንዘብ ያላቸው፣ ለበሽታና ለረኃብ ራሳቸውን የሚያጋልጡ ወጣቶች ነበሩ።

ኖይማን ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ሆነ። በ1892 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተጉዞ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ተነሥቶ በማሳይ ምድር በኩል እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅና እስከ ኡጋንዳ ዘለቀ። ገና ከጉዞው ፍሬ የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች በርሊን እንደ ደረሱ፣ የቤተ መዘክሩ የአጥቢ እንስሳት ሊቅ ፓውል ማቺ በ1894 አንዲት የሣር አይጥ በስሙ ሰየመለት። ሃያ ሰባት ዓመት ለሞላው ሰው ይህ ታላቅ ክብር ነበር።

ዳሩ ግን ኖይማን ሰብሳቢ ብቻ ሆኖ መቅረትን አልፈለገም። የሰበሰበውን ራሱ መርምሮ፣ ከሌሎች ስብስቦች ጋራ አነጻጽሮ፣ ራሱ ጽፎ ማሳተምን ያዘ። በተለይም የአፍሪካን ወፎች በቦታ ቦታቸው ለያይቶ የአንዱን ተራራ ወፍ ከሌላው ተራራ ወፍ የሚለየውን ጥቃቅን ምልክት የማየት ችሎታው የታወቀ ነበር። ይህ ችሎታው ነው ኋላ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ከፍ ያለ ፍሬ ያፈራለት፤ ተራራና ሸለቆ በሚፈራረቁባት አገር ከአንዱ አምባ ወደ ሌላው አምባ ሲሻገሩ የፍጥረቱ መልክ መለዋወጡ አይቀርምና።

ከዘይላ እስከ አዲስ አበባ

በ1899 መጨረሻ ኖይማን ከባሮን ካርሎ ፎን ኤርላንገር ጋራ ለአዲስ ጉዞ ተነሣ። ኤርላንገር በ1872 የተወለደ፣ በራይን ወንዝ አጠገብ ከምትገኘው ከኢንገልሃይም የመጣ፣ ከባለ ባንክ ቤተሰብ የተገኘ ወጣት ነበር። ከዚያ ቀደም በቱኒዚያ በረሃ ወፎችን አጥንቷል። ሀብቱና የወፍ ፍቅሩ ከኖይማን የጉዞ ልምድ ጋራ ሲገናኝ በዚያ ዘመን ከነበሩት የሳይንስ ጉዞዎች ሁሉ በሚገባ የተደራጀ አንድ ጓድ ተፈጠረ።

ጓዙ በ1900 መጀመሪያ ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሐረር አመራ። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በግመልና በበቅሎ የሚጓጓዝ ነበር። ከሐረር ቀጥሎ በሼክ ሁሴን በኩል ወደ አርሲ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ደረሱ። አዲስ አበባ ገና የወጣትነት ዘመኗ ላይ የነበረች ከተማ ናት። ከዐድዋ ድል አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ የአውሮፓ መልእክተኞች በዳግማዊ ምኒልክ ደጅ የሚጠኑበት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ካልፈቀዱ ማንም የውጭ ሰው ወደ ደቡብ ሊንቀሳቀስ የማይችልበት ጊዜ ነበር።

ሁለቱ ባልንጀሮች በኋለኛው የጉዞ ክፍል መንገዳቸው ተለያየ። ኤርላንገር ወደ ደቡብ ምሥራቅ አቅንቶ በገናሌ ወንዝ በኩል እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ወረደ። ኖይማን ደግሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞረ፤ ሐሳቡ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን አልፎ፣ ኦሞን ተሻግሮ፣ በከፋ ደን በኩል ወደ ሱዳን መውጣት ነበር። በካርታ ላይ ሲታይ ይህ መንገድ በአውሮፓ ሳይንስ ዘንድ እጅግ ጥቂት ከሚታወቁት የአፍሪካ ክፍሎች አንዱን የሚያቋርጥ ነው።

ከጎፋ እስከ ሸኮ

ከአባያ ሐይቅ ወደ ምዕራብ የጎፋ፣ የማሎና የኮንታ ተራሮች ይከተላሉ። እዚህ ቦታ ሸለቆው ቆላ፣ ጫፉ ውርጭ ነው፤ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ተጓዡ ከማሽላ እርሻ ወደ ቀርከሃ ጫካ ይወጣል። ኖይማን በየሰፈሩ ድንኳኑን እየተከለ ወፍ፣ አጥቢ እንስሳና ሌላም ፍጥረት ሰበሰበ። በጎፋ ከሰበሰባቸው መካከል በአልኮል ጠርሙስ የገቡ እንቁራሪቶች ነበሩበት፤ የእነዚህ ዕጣ ከዚህ በታች ይነገራል።

ከኦሞ ማዶ የጠበቀው አገር ከፋ ነው። ከፋ ከአራት ዓመት በፊት ብቻ፣ በ1897፣ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸንፎ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ ነበር። ኖይማን በቀድሞው የከፋ ነገሥታት መናገሻ በአንድራቻ ባለፈ ጊዜ አገሪቱ ከጦርነቱ ቁስል አላገገመችም፤ ብዙ ሰው አልቆ፣ ብዙም ሰው በባርነት ተወስዶ፣ ቀድሞ እርሻ የነበረው ቦታ ወደ ዱር መመለስ ጀምሮ ነበር። የአንድ አገር ደን ለምን እንደ ሰፋና ለምን እንደ ጠበበ የሚመረምር ባለሙያ ይህን ሊዘነጋው አይገባም። ተጓዡ ድንግል ጫካ መስሎት የሚያየው ሁሉ ድንግል አይደለም፤ አንዳንዱ የጠፋ መንደር መቃብር ነው።

ከከፋ ወደ ምዕራብ የነበረውን አገር ከደጋ የመጡት ሰዎች ጊሚራ ይሉት ነበር፤ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው ቤንች ብሎ ነው። ከቤንች ቀጥሎ የሸኮ ሕዝብ ምድር ይመጣል። የዛሬዎቹ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የሚገኙት በዚሁ አካባቢ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሁለቱም ከተሞች አልነበሩም። ደኑ ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ጊሎ ወንዝ ቆላ ድረስ ሳይቋረጥ ይወርድ ነበር። ቡና በዚያ ደን ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ ማር በየዛፉ ይቆረጣል፤ እንሰት በየቤቱ ጓሮ ይቆማል። የሸኮም ሆነ በቆላው ጫካ የሚኖረው የማዣንግ ሕዝብ የዚህን ደን ፍጥረት በየስሙ ያውቅ ነበር። ኖይማን ግን መንገደኛ ነው። በቋንቋ ለመግባባት፣ ወቅት ለመጠበቅ፣ አንድን ጅረት ደጋግሞ ለማየት ጊዜ አልነበረውም።

የሰብሳቢው ሥራ ራሱ ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያስቀር እዚህ ላይ መገንዘብ ያሻል። ወፍ በማለዳ ይታደናል፤ ከሰዓት በኋላ ቆዳው ተገፎ፣ መርዝ ተቀብቶ፣ ጥጥ ተሞልቶ ይደርቃል። የደረቀ ቆዳ ቀላል ነው፤ ብዙ መቶው በአንድ በቅሎ ይጫናል። እንቁራሪት ግን በጠርሙስና በአልኮል ትያዛለች፤ ጠርሙሱ ይከብዳል፣ ይሰበራል፣ አልኮሉም ይተናል። ከዚህም በላይ የሸንበቆ እንቁራሪቶች የሚጮኹት ሌሊት ነው፤ ያውም ዝናብ ዘንቦ ረግረጉ ሲሞላ። ቀን የተጓዘ ጓዝ ደግሞ ሌሊት ያርፋል፤ ዝናቡ ሳይጠናበት ወንዙን ለመሻገርም ይቸኩላል። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ጓዞች ስለ ወፍ ብዙ እውቀት ሲያመጡ ስለ እንቁራሪት ያመጡት ጥቂት ነው። ጉድለቱ ከሰውየው ትጋት ማነስ የመጣ አልነበረም፤ የጉዞው ጠባይ ያስከተለው ነው።

ሌላም ያልተጻፈ ነገር አለ። በእያንዳንዱ ናሙና እግር ላይ የምትታሰር ትንሽ ወረቀት የቦታውን ስም፣ ቀኑንና የሰብሳቢውን ስም ትይዛለች። በዚያ ዘመን ልማድ መሠረት ሰብሳቢ ተብሎ የሚጻፈው በአብዛኛው የጓዙ መሪ የሆነው አውሮፓዊ ነበር። መንገድ የመሩት፣ ጓዝ የተሸከሙት፣ ወፏ የምታድርበትን ዛፍ የጠቆሙት የአገሩ ሰዎች በወረቀቷ ላይ ቦታ አልነበራቸውም።

ኖይማን ከሸኮ ደን ወጥቶ በጊሎ ወንዝ በኩል ወደ ቆላው ወረደ። ከዚያም በሶባትና በነጭ ዓባይ በኩል ካርቱም ደረሰ። ከቀይ ባሕር መግቢያ አጠገብ ከምትገኘው ዘይላ ተነሥቶ በደቡብ ኢትዮጵያ በኩል ሱዳን የወጣበት ይህ ጉዞ በ1902 በለንደን በሚታተመው የጂኦግራፊ መጽሔት ላይ ተዘግቦ ወጣ።

ከጉዞው የተገኘው ፍሬ

ኖይማን ወደ በርሊን ሲመለስ ለዓመታት የሚያሠራውን ናሙና ይዞ ነበር። በ1902 ብቻ ካሳተማቸው አዳዲስ ስያሜዎች ሁለቱ ለኢትዮጵያ ባለሙያዎች በተለይ ሊጠቀሱ ይገባል። አንደኛው ከአባያ ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ከሚገኘው ከጀምጀም ደጋ ያገኘው ጦጣ ነው፤ ስያሜውንም ከአገሩ ስም አወጣለት። ዛሬ የባሌ ጦጣ በመባል የሚታወቀው፣ ኑሮውን በቀርከሃ ቅጠል ላይ የመሠረተው፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ጦጣ ይህ ነው። ሁለተኛው ዓይኑን ነጭ ቀለበት የከበበው ትንሽ የደን ወፍ ነው፤ ይህንንም በከፋ ስም ጠራው። ሌሎች ሰያሚዎች ለጌቶቻቸውና ለወዳጆቻቸው ስም ሲሰጡ ኖይማን ከእነዚህ ከሁለቱ ጋራ የአገሩን ስም ማያያዙ፣ ከፋና ጀምጀም በሳይንስ መዝገብ እንዲኖሩ አድርጓል።

ለወዳጅም ስም የሰጠበት ጊዜ አለ፤ ታሪኩ ግን የሐዘን ነው። ኤርላንገር ከዚያ ሁሉ በረሃና ወንዝ በሕይወት ተመልሶ፣ በ1904 በሳልዝቡርግ ከተማ በአውቶሞቢል አደጋ ሞተ። ዕድሜው 31 ነበር። ኖይማን በ1906 በኢትዮጵያ ደጋ ሜዳ ላይ የምትኖር አንዲት ትንሽ ወፍ ለይቶ ሲያሳትም፣ በሟቹ ባልንጀራው ስም ኤርላንገሪ ብሎ ጠራት። ወፏ ዛሬም በዚሁ ስም ትጠራለች።

የራሱ የኖይማን ስምም በሌሎች እጅ እየተስፋፋ ሄደ። በ1908 ብቻ ሁለት የአፍሪካ ወፎች በስሙ ተሰየሙ። ነገር ግን ዝናው ሲጨምር ሀብቱ እያነሰ ነበር። ገንዘቡ ከእጁ በመውጣቱ በድካም ያከማቸውን የወፍ ስብስብ በእንግሊዝ አገር በትሪንግ ትልቅ የግል ቤተ መዘክር ለነበረው ለዋልተር ሮትሽልድ ሸጠ። ሮትሽልድ በበኩሉ ገንዘብ ሲቸግረው በ1932 አብዛኛውን የወፍ ስብስቡን ለኒውዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር አሳልፎ ሰጠ። በዚህ ምክንያት በ1901 በጊሚራና በሸኮ ደን ይዘምሩ የነበሩ ወፎች ቆዳ ዛሬ የሚገኘው አትላንቲክን ተሻግሮ በአሜሪካ ነው። የእነርሱን ዝርያ በቦታው ለማጥናት የሚነሣ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ዋናውን ናሙና ለማየት ውቅያኖስ መሻገር ይኖርበታል። በ1930ዎቹ ከዚሁ አካባቢ ዘሩ ወጥቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ በፓናማ ስሙ የገነነው የጌሻ ቡናም ታሪኩ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በበርሊን የቀሩት ጠርሙሶች

ወፎቹ ወደ ትሪንግ ሲሄዱ እንቁራሪቶቹ ግን በበርሊን ቤተ መዘክር ቀሩ። በወፍ ላይ የሚጻፈው ጽሑፍ ብዙ፣ ስለ እንቁራሪት የሚጨነቀው ጥቂት ስለነበር፣ ጠርሙሶቹ ከሃያ ዓመት በላይ በመደርደሪያ ላይ ቆዩ። በ1924 ኤርንስት አል የተባለ ወጣት የቤተ መዘክሩ ባለሙያ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን የእንቁራሪት ስብስብ ከፍቶ መረመረ። ከጎፋ የመጣችውን፣ ጀርባዋ ላይ ረዣዥም መስመሮች የተሰመሩባትን፣ በሣርና በረግረግ መካከል ሩቅ የምትዘለውን እንቁራሪት በሰብሳቢዋ ስም ፕቲካዴና ኖይማኒ አላት። ከአባያ ሐይቅ የመጣችውን ሌላዋን ደግሞ ፕቲካዴና ኤርላንገሪ ብሎ ሰየመ። ሁለቱ የጉዞ ባልንጀሮች አንዱ በሕይወት፣ አንዱ በመቃብር ሳሉ፣ በኢትዮጵያ ረግረጎች ውስጥ እንደገና ጎን ለጎን ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ በደጋው ሣር ውስጥ የተገኘችው መስመረኛ እንቁራሪት ሁሉ፣ ከጎጃም እስከ ባሌ፣ በአብዛኛው በኖይማን ስም ትጠራ ነበር። ከ2010 በኋላ የዘረ መል ጥናት ሲጀመር ግን በዚህ አንድ ስም የተጠቀለሉት ብዙ የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸው ታወቀ። ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ እውነተኛዋ ባለ ስም የትኛዋ ናት? ጥያቄውን ሊመልሱ የሚችሉት የመጀመሪያዎቹ የስያሜ ናሙናዎች ብቻ ነበሩ። በ2021 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ከመቶ ዓመት ገደማ በላይ በአልኮል ከቆዩ የኢትዮጵያ እንቁራሪት ናሙናዎች ዘረ መል አውጥተው በማንበብ የስያሜዎቹን ግራ መጋባት አጠሩ። በበቅሎ ጀርባ ተጭና ከጎፋ የወጣች እንቁራሪት ሰብሳቢዋ ሊገምተው እንኳ ለማይችለው ጥያቄ መልስ ሰጠች። ቦታውና ቀኑ በትክክል የተጻፈበት ናሙና ዋጋው ይህን ያህል ነው።

ስደትና ሞት

የኖይማን የኋለኛ ዕድሜ ከባድ ነበር። ሀብቱን ካጣ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ኩባ ሄዶ ሠርቷል። ወደ ጀርመን ተመልሶም የወፍ ጥናቱን አልተወም። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ፣ ዕድሜውን ሁሉ የጀርመንን ሳይንስ ያገለገለው ሰው በትውልዱ ምክንያት ከዜግነት መብት የተገፈፈ ሆነ። እንዲህም ሆኖ በ1938፣ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ናሙና ሊሰበስብ ወደ ሱላዌሲ ደሴት ተጓዘ።

በ1941 ጦርነቱ በተፋፋመበትና አይሁዶች ከጀርመን የሚወጡበት በር ሊዘጋ በተቃረበበት ጊዜ፣ ዩሊዩስ ሪመር የተባለ የፋብሪካ ባለቤትና የቤተ መዘክር መሥራች በሕይወቱ ላይ የሚመጣውን አደጋ ሳይፈራ ረድቶት ኖይማን አመለጠ። በመጀመሪያ ወደ ኩባ፣ ከዚያም ወደ ቺካጎ ሄደ። በቺካጎው የፊልድ ቤተ መዘክር ውስጥ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ከወፎች ጋራ ሲሠራ ቆየ። በግንቦት 17 ቀን 1946 በ78 ዓመቱ በዚያው ከተማ አረፈ።

ኖይማን በሌለበት በ1945 የበርሊኑ ቤተ መዘክር ምሥራቃዊ ክፍል በቦምብ ተመታ። ያች ከጎፋ የሄደች እንቁራሪት ግን ተረፈች። የሰበሰባት ሰው ከአገሩ ሲባረር እርስዋ በመደርደሪያዋ ላይ ስሙን ይዛ ቆየች። ለዕፅዋትና ለእንስሳት ሁሉ የትውልድ ቦታቸውን ጠንቅቆ ሲጽፍ የኖረ ሰው በመጨረሻ የራሱን የትውልድ ቦታ ማጣቱ ከሕይወቱ ሁሉ የሚያሳዝነው ነገር ነው።

ያልተሰየመችው እንቁራሪት

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ የአንድ ሰብሳቢ የሕይወት ታሪክ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን ኖይማን ያቋረጠው ደን ዝም ብሎ አልቀረም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ትምህርት ያስተምር የነበረው ማልኮም ላርገን ሥራውን ከኖይማን በተለየ መንገድ አከናወነ። እንግሊዛዊ ቢሆንም እዚሁ አገር የሚኖር መምህር ስለነበር፣ ወደ አንድ ቦታ ደጋግሞ ለመመለስና የዝናቡን ወቅት ለመጠበቅ ይችል ነበር። በ1974 ሁለት የአፍሪክሳሉስ ዝርያዎችን በአንድ ጊዜ ለሳይንስ አስተዋወቀ። አንዷ ከእንሰት ጋራ ባላት ቅርበት ኤንሴቲኮላ የሚል ስም ያገኘች ናት፤ ሁለተኛዋ ክላርኪ ናት።

የእነዚህ እንቁራሪቶች ወገን ከሌሎች የሸንበቆ እንቁራሪቶች የሚለየው በመጀመሪያ በዓይኑ ነው፤ የዓይናቸው ብሌን እንደ ድመት ዓይን ወደ ላይና ወደ ታች የቆመ ነው። በሁለተኛ ደረጃ የሚለየው በእንቁላል አጣጣሉ ነው። የዚህ ወገን እንስት በአብዛኛው እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃ በላይ ወይም በውሃ ዳር ባለ ቅጠል ላይ ነው፤ ቅጠሉም ታጥፎ፣ ጠርዙና ጠርዙ ተጣብቆ፣ እንቁላሉን እንደ ጥቅል ይሸፍነዋል። እጮቹ ሲፈለፈሉ ከጥቅሉ ወደ ውሃው ይወርዳሉ። እንግዲህ ለዚህ ሕይወት ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታ ሊገኙ ያስፈልጋል፤ እነርሱም ውሃ፣ በውሃው ላይ ያዘነበለ ቅጠልና ቅጠሉን ከፀሐይ የሚጋርድ ጥላ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ዝርያዋ ከቦታው ትጠፋለች፤ ዛፎቹ ከሩቅ ሲታዩ ደኑ ያለ ቢመስልም እንኳ።

ይህን ማወቅ በቡና አገር ለሚሠራ ባለሙያ ትርፍ እውቀት አይደለም። ከኖይማን ዘመን ወዲህ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ከተሞች ሆነዋል፤ መንገድ ተዘርግቷል፤ በበበቃና በቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ተተክለዋል፤ ከሌላ ክፍል የመጣ ሕዝብም ሰፍሯል። በደን ውስጥ የሚለቀመው ቡና የላይኛውን ጥላ ሲጠብቅ፣ ምርት ለመጨመር ሲባል ከሥር የሚመነጠረው ቁጥቋጦና የሚደርቀው ረግረግ ግን የእንቁራሪቶቹን ቤት ያፈርሳል። ክላርኪ የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው ዝርያዎች ተርታ የተመዘገበችውም የምትኖርበት ቦታ ጠባብ ስለሆነና ደኑም እየተመናመነ ስለሄደ ነው። በ2010 የከፋ፣ በ2012 ደግሞ የሸካ ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መመዝገባቸው ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም በካርታ ላይ የተሰመረ ወሰን በየጅረቱ ዳር ያለውን ቅጠል በራሱ አይጠብቀውም፤ የሚያየው፣ የሚቆጥረውና የሚመዘግበው ሰው ይፈልጋል።

ኖይማን በአንድ ጉዞ ሊደረግ የሚቻለውን ሁሉ አደረገ። ቦታና ቀን በጥንቃቄ መዘገበ፤ ያየውን ለብቻው ሳያስቀር አሳተመ፤ ናሙናውም ከእርሱ ሞት በኋላ ማገልገሉን ቀጠለ። ይህ ለሙያው ሰዎች ሁሉ ምሳሌ የሚሆን ነው። ሊያደርገው ያልቻለው ደግሞ መቆየት ነው። የእንቁራሪቷ ጩኸት በየትኛው ወር እንደሚጀምር፣ በየትኛው ረግረግ እንደ ቀነሰ፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች በምን ስም እንደሚጠሯት፣ የጥላው ዛፍ ሲቆረጥ ከስንት ዓመት በኋላ እንደምትጠፋ የሚያውቅ መንገደኛ የለም። ይህን ሊያውቅ የሚችለው በቡናው አገር የሚኖር መምህር፣ የግብርና ሠራተኛ፣ የደን ጠባቂና ተማሪ ነው። በሚዛንና በቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሞ ትምህርቱ ወደ ደኑ ደጃፍ ስለ ደረሰ፣ በ1901 በቸኮለ ጓዝ ታልፎ የቀረው ሥራ ዛሬ በዝናብ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ሊሠራ ይችላል። የሚሠሩትም ሰዎች፣ ከመንገድ መሪው ጀምሮ፣ በናሙናዋ ወረቀት ላይ ስማቸው ሊጻፍ ይገባል።